ቱቦው አንገት ላይ እያለ፦ ድምፅንና መዋጥን ደረጃ በደረጃ መመለስ

ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ዓይኑ ይለምናል። ድምፅ ግን የለም። ቤተሰቡ "ውሃ ነው? ትራሱ ነው? ነርስ ልጥራ?" እያለ ይገምታል። ሦስት አራት ጊዜ ሞክሮ ሲያቅተው ታካሚው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ትራኪዮስቶሚ ካለበት፣ ማለትም ለመተንፈስ አንገቱ ተከፍቶ ቱቦ ከገባለት ሰው አጠገብ የተቀመጠ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። እኔ የንግግርና የመዋጥ ቴራፒስት ነኝ። ሥራዬ ሆኖ እንኳ ያቺ ፊት ማዞር እስከ ዛሬ አንጀቴን ትበላዋለች።

አንድ ነገር ቶሎ ልንገራችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ አልጠፋም። አየሩ ነው መንገድ የቀየረው።

ስንናገር ከሳንባ የሚወጣው አየር በድምፅ አውታሮች መካከል ያልፋል። አውታሮቹ ይርገበገባሉ፣ ድምፅ ይወጣል። ትራኪዮስቶሚ ደግሞ ከአውታሮቹ በታች አንገት ላይ የሚከፈት ቀዳዳ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአየር ቧንቧው ሁለተኛና ሦስተኛ ቀለበት አካባቢ። አየሩ አውታሮቹ ጋ ሳይደርስ በቱቦው ውልቅ ይላል። አውታሮቹ ጤነኛ ሆነው ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ።

መዋጥም ከዚሁ አየር ጋር የተሳሰረ ነው። ስንውጥ ትንፋሻችንን ለአፍታ እንይዛለን። ከዋጥን በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ትንፋሽ እናስወጣለን። ያቺ ትንፋሽ ማንቁርት አካባቢ የቀረውን ጠርጋ ትሄዳለች። ማሽተት የሚቻለው አየር በአፍንጫ ሲያልፍ ነው። ጠንካራ ሳል የሚኖረውም አየሩ ከአውታሮቹ ስር ተጠራቅሞ ሲፈነዳ ነው። ጉሮሮው ለሳምንታት አየር ካላለፈበት ስሜቱ ይደነዝዛል፤ ምራቅ ቢወርድበትም አያውቅም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ አየሩ ወደ ላይ ይመለስ፣ ቀጥሎ ድምፁ፣ ከዚያ ምግቡ። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ከምግቡ መጀመር ይፈልጋል። ይገባኛል። የሚወዱት ሰው በአፍንጫ ቱቦ ብቻ ሲመገብ ማየት ይከብዳል። ግን አየሩ ሳይመለስ ማንኪያ ማንሳት ጉሮሮው ሳይነቃ ሥራ ማዘዝ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

አንደኛ፣ ታካሚው ያለበት ትራኪዮስቶሚ መሆኑን አረጋግጡ። ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ በቀዶ ጥገና የወጣለት ሰውም አንገቱ ላይ ቀዳዳ አለው። ሲታይ ይመሳሰላል። እሱ ግን የሚተነፍሰው በዚያች ቀዳዳ ብቻ ነው። ከአፍና ከአፍንጫው ወደ ሳንባ የሚወስድ መንገድ የለውም። ቀዳዳውን በጣት መድፈን ወይም የንግግር ቫልቭ (ቱቦው አፍ ላይ የሚገጠም የአንድ አቅጣጫ በር) መግጠም እሱን ማፈን ነው። ካርዱን አንብቡ፣ ሐኪሙን ጠይቁ፣ አልጋው ራስጌ ላይም በትልቁ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ እዚህ የምጽፋቸው ነገሮች ሁሉ የመጀመሪያ ሙከራቸው የሚደረገው በሕክምና ቡድን ነው። ሐኪም፣ ነርስ፣ የትንፋሽ ባለሙያና የንግግር ቴራፒስት አብረው ይወስናሉ። ቤተሰብ የሚቀጥለው ሠልጥኖ፣ በእጁ ሠርቶ ካሳየ በኋላ ነው። መመሪያውን ለቤተሰብም፣ ለጀማሪ ነርስም ብዬ የጻፍኩት ሁለቱ አንድ ቋንቋ እንዲናገሩ ነው።

ደረጃ 1፦ ቱቦውን ማወቅ

የውጭ ቱቦ አለ፤ አንገት ላይ በማሰሪያ የሚያዘው እሱ ነው። ብዙዎቹ በውስጡ ወጥቶ የሚጸዳ ሌላ ቱቦ አላቸው። አንዳንዱ ቱቦ ጫፉ አካባቢ ካፍ የሚባል ፊኛ አለው። ካፉ ሲነፋ የአየር ቧንቧውን ዙሪያ ይዘጋና የመተንፈሻ ማሽኑ የሚገፋው አየር ሳያመልጥ ወደ ሳንባ ይገባል።

ካፉ ውስጥ ስለሆነ አይታይም። ውጭ በቀጭን ቱቦ የተንጠለጠለችው ትንሽ ፊኛ ግን ትናገራለች። ነፋ ካለች ካፉ ተነፍቷል። ጠፍጣፋ ከሆነች ካፉ ወርዷል። ይህችን ፊኛ ማየት ልማድ ይሁንባችሁ፤ ቀጥሎ ለምታደርጉት ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ "ፊኛዋ እንዴት ናት?" የሚለው ነው። ካፉ ሲነፋ ግፊቱ በመለኪያ ይለካል። ከ20 እስከ 30 የውሃ ሴንቲ ሜትር መካከል ይሁን። ከዚያ ካለፈ የቧንቧውን ግድግዳ ተጭኖ የደም ዝውውሩን ያውካል። በጣት ጫን አድርጎ መገመት መለኪያ አይተካም።

ሁለት ነገሮች ሥራውን ከመነሻው ሊያስቆሙት ይችላሉ። ካፉ ከስፖንጅ የተሠራ ከሆነ የንግግር ቫልቭ በፍጹም አይገጠምበትም። ቱቦው ከአየር ቧንቧው ስፋት ሁለት ሦስተኛ በላይ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ አየሩ በጎኑ ማለፊያ አያገኝም። ያኔ ሐኪሙ ወደ አነስተኛ ቱቦ ስለመቀየር ያስባል።

ደረጃ 2፦ ድምፅ እስኪመጣ ዝም አይባልም

ድምፅ ቀናት ወይም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ ግን ሰውዬው ሐሳብ አለው፣ ሕመም አለው፣ ጥያቄ አለው። የመጀመሪያው ሥራ አስተማማኝ "አዎ" እና "አይደለም" ማግኘት ነው። ራስ መነቅነቅ፣ ዓይን መጨፈን፣ ጣት ማንሳት፣ የሚችለውን ምረጡ። መርጣችሁም አልጋው አጠገብ ጻፉት። የቀኑ ነርስ አንድ ምልክት፣ የሌሊቱ ሌላ ምልክት ካስተማረችው ግራ ይጋባል።

ከዚያ ሰሌዳና እስክሪብቶ፣ ወይም ፊደላትና ሥዕሎች ያሉበት ገበታ። እጁ ደካማ ከሆነ እናንተ በጣታችሁ ረድፉን ተከትላችሁ ሂዱ፤ እሱ በዓይኑ ያስቁማችሁ። መነጽሩንና የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያውን አድርጉለት። ይህ በጣም ይረሳል፤ "ግራ ተጋብቷል" የተባለ ታካሚ መነጽሩ ሲደረግለት ደህና ሲጽፍ አይቻለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁና መልሱን ጠብቁ። ሌላው ሁሉ ቢቀር የመጥሪያ ደወሉ እጁ የሚደርስበት ቦታ ይሁን።

ደረጃ 3፦ አፍን ማጽዳት

በምግብ ቱቦ የሚመገብ ሰው አፉ ሥራ ስለሌለው ንጹሕ ይመስላል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ምራቁ ይወፍራል፣ ምላሱ ላይ ነጭ ንብርብር ይሠራል፣ ባክቴሪያ ይራባል። ያ ምራቅ ትን ብሎ ሳንባ ሲገባ የሳንባ ምች ያመጣል። ጥርሱን፣ ድዱን፣ ምላሱንና ላንቃውን ቢያንስ በቀን ሁለት ጊዜ ለስላሳ ብሩሽ ይዳስሰው። ፈሳሹን በሳክሽን (በመምጠጫ መሣሪያ) እያነሣችሁ። ከንፈሩን አርጥቡ። ከማንኛውም የመዋጥ ሙከራ በፊትም ይደገም።

ደረጃ 4፦ ካፉን ማውረድ

አየሩ ወደ ላይ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ታካሚው የነቃ፣ ትንፋሹ የተረጋጋ፣ ከፍተኛ የማሽን እገዛ የማያስፈልገው መሆን አለበት። ሐኪሙም የፈቀደ መሆን አለበት።

ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት። የምታደርጉትን ንገሩት፤ "አሁን ጉሮሮህ ውስጥ አየር ይሰማሃል፣ ያስልሃል፣ አትደንግጥ" በሉት። የጣት ኦክሲጅን መለኪያውን አድርጉና የመነሻውን ኦክሲጅን፣ የልብ ምትና የትንፋሽ ብዛት ጻፉ። በኋላ "ትንሽ ወርዷል መሰለኝ" ከማለት ያድናችኋል።

ከካፉ በላይ ምራቅና አክታ ተጠራቅሞ ይቆያል። ካፉ በወረደ ቅጽበት ያ ሁሉ ወደ ታች ይንሸራተታል። ስለዚህ መጀመሪያ አፉንና ጉሮሮውን በሳክሽን አጽዱ። ቱቦው ከካፉ በላይ መምጠጫ ቀዳዳ ካለው በእሱም ምጠጡ። ከዚያ ሁለት ሰው ይሁን። አንዱ በሲሪንጅ ከትንሿ ፊኛ አየሩን ቀስ እያለ ይስባል፣ ሌላው በዚያው ጊዜ በቱቦው ውስጥ ሳክሽን ያደርጋል። አንዱ ሳክሽን ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ አይለፍ። ሲሪንጁ ሌላ አየር አልስብ እስኪል፣ ፊኛዋም ጠፍጣፋ እስክትሆን ድረስ ሳቡ።

ያስለዋል። ሳሉ ጥሩ ምልክት ነው፤ ጉሮሮው እየነቃ ነው። ሲረጋጋ ቁጥሮቹን እንደገና እዩ። አንዳንዱ መጀመሪያ ቀን የሚችለው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ነገ ትንሽ ይጨመራል። መቸኮል አያስፈልግም። የመጀመሪያው ልምድ የመታፈን ስሜት ከሆነበት ግን ሁለተኛውን ሙከራ በፍርሃት ነው የሚጀምረው። ያን ፍርሃት ማውረድ ካፉን ከማውረድ ይከብዳል።

ደረጃ 5፦ በጣት መሞከር

ቫልቭ ከመግጠማችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑ ይታወቅ። ካፉ ወርዷል፤ ፊኛዋን አሁንም እዩ። ጓንት አድርጉ። ታካሚው አየር በቱቦው ይሳብ። ሲያስወጣ የቱቦውን አፍ በጣታችሁ ለአፍታ ድፈኑና "አ በል" በሉት። ሌላኛውን እጃችሁን አፉና አፍንጫው ፊት ያዙ። ሙቅ ትንፋሽ ከተሰማችሁ ወይም ትንሽም ቢሆን ድምፅ ከወጣ መንገዱ አለ። ወዲያው ጣታችሁን አንሡ።

ምንም ካልወጣ፣ ሰውዬው ከተጨናነቀ፣ ወይም ጣታችሁን ስታነሡ አየር "ፍሽ" ብሎ በቱቦው ከፈነዳ አየሩ ታፍኖ ነበር ማለት ነው። ቱቦው ወፍሮ፣ ከላይ እብጠት ኖሮ፣ ወይም አውታሮቹ አልከፈት ብለው ሊሆን ይችላል። ቫልቭ አይገጠምም። ሐኪሙ በካሜራ ይይ።

ደረጃ 6፦ የንግግር ቫልቭ

ቫልቩ የአንድ አቅጣጫ በር ነው። ሲተነፍስ አየር ያስገባል፣ ሲያስወጣ ይዘጋል። መውጫ ያጣው አየር በቱቦው ጎን ወደ ላይ ይሄዳል፣ አውታሮቹን ያገኛል። በዓለም ላይ በጣም ከሚታወቁት ቫልቮች አንዱን ያሰበው ራሱ ታካሚ ነበር። ዴቪድ ሚዩር ይባላል፣ አሜሪካዊ ወጣት፣ የጡንቻ መመንመን በሽታ የነበረበት። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ በመተንፈሻ ማሽን እየኖረ መናገር ስላቃተው የራሱን መፍትሔ ፈለገ። ፓሲ ሚዩር የሚባለው ቫልቭ ዛሬም ስሙን ይዟል። ይህን ታሪክ ለታካሚዎቼ እነግራቸዋለሁ። መሣሪያው ከእነሱ ዓይነት አልጋ ላይ የተፀነሰ መሆኑን ሲሰሙ ይመለከቱታል።

አሁን የማይታለፈው ሕግ። ካፉ ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ ቫልቭ አይገጠምም። ካፉ ተነፍቶ ቫልቭ ከተገጠመ አየር ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወት ያጠፋል። ትንሿ ፊኛ ላይ "ቫልቭ ከመግጠም በፊት ካፉ ይውረድ" የሚል ምልክት ለጥፉ።

ቫልቩን በአንድ እጅ የቱቦውን አንገት ደግፋችሁ፣ በሌላው ሩብ ዙር አዙራችሁ በቀስታ ግጠሙት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ሰውዬውን ተመልከቱ። ደረቱን፣ አንገቱን፣ የከንፈሩን ቀለም፣ መለኪያውን።

አንድ አባት ነበሩ። ለሳምንታት አንድ ቃል አልወጣቸውም። ቫልቩ ሲገጠም መጀመሪያ የመጣው ቃል አልነበረም፤ ረጅም ሳል ነበር። ዓይናቸው አነባ፣ ልጃቸው ደንግጣ "ይውጣ! ይውጣ!" አለች። መለኪያው ላይ ኦክሲጅኑ ደህና ነበር፣ ሳሉም አክታውን ወደ አፋቸው እያመጣው ነበር። ጠበቅን። ሳሉ ሲበርድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የራሳቸውን ድምፅ ሰሙና ቀጥ አሉ። ደግመው ጠረጉ፣ አሁን ሆን ብለው። "አባዬ?" አለች ልጃቸው። "ወዬ" አሉ። የሰለለች፣ የሻከረች ድምፅ ነበረች። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ሥራ አልሠራንም።

የመጀመሪያው ሙከራ አምስት ደቂቃ ያህል ይበቃል። ከተስማማው በየቀኑ ይረዝማል። ትንፋሹ ከተጣደፈ፣ የአንገቱ ጡንቻ ከተወጠረ፣ ሲተነፍስ የሚያፏጭ ድምፅ ከተሰማ፣ ላብ ካጠመቀው ወይም ኦክሲጅኑ ከወረደ ቫልቩን ወዲያው አውጡ። "ትንሽ ይታገሥ" አይባልም።

የዕለት ተዕለት ጥንቃቄው ቀላል ነው። ሲተኛ ይወጣል። በጭስ መልክ የሚሰጥ መድኃኒት ሲወስድ ይወጣል። እርጥበት የሚይዘው ማጣሪያ የሚሠራው በሚወጣው ትንፋሽ ስለሆነ ከቫልቩ ጋር አብሮ አይሄድም። ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ታጥቦ በአየር ይደርቃል፤ ሙቅ ውሃ፣ አልኮል፣ በረኪናና ብሩሽ ስሱን ክዳን ያበላሹታል። አክታ ከደፈነውም ወጥቶ ይታጠባል።

ድምፁ ሲመጣ

ድምፅ መጥቷል ማለት ንግግር ተመልሷል ማለት አይደለም። ብዙዎች በአንድ ትንፋሽ ሁለት ቃል ብቻ ይወጣቸዋል። ከአጭሩ ጀምሩ። አፍን ገጥሞ "ምምም" ማለት፣ ከዚያ "አ" ማለትና በሴኮንድ መቁጠር፣ ከዚያ ከአንድ እስከ አምስት መቁጠር፣ የሳምንቱን ቀናት መጥራት። ትንፋሹ ሲያልቅ ቆም ብሎ ይሳብ እንጂ በጉሮሮው አይግፋ። ማንሾካሾክም ሆነ መጮህ አይረዳም። አምስት ደቂቃ ሠርቶ ማረፍ፣ በቀን ደጋግሞ፣ ከአንድ ረጅም ጊዜ ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ልምምድ ግን እውነተኛ ወሬ ነው። ልጁ ስልክ ይደውልለት። ስልኩ ላይ "ማን ልበል?" ብሎ መመለስ ከመቶ "አ" ይበልጣል።

በመተንፈሻ ማሽን ያለ ሰውም ሊናገር ይችላል። ካፉ ሲወርድ አየር ስለሚያመልጥ የማሽኑ ቁጥሮችና ማስጠንቀቂያ ደወሎች መስተካከል አለባቸው፤ የትንፋሽ ባለሙያ ሳይኖር አይሞከርም። ካፉን ማውረድ ጨርሶ ለማይችሉ ደግሞ ከካፉ በላይ ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች አሉ። በዚያ ቀዳዳ ትንሽ አየር ወይም ኦክሲጅን ወደ ላይ ይላካል። ይህን የሚያደርገው የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ለመዋጥ ዝግጁነት

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። "ካፉ ተነፍቷል፣ ስለዚህ ትን አይለውም" ይባላል። በጤና ባለሙያዎች አፍም ሰምቼዋለሁ። ስህተት ነው። ካፉ ያለው ከድምፅ አውታሮቹ በታች ነው። ውሃው ካፉ ጋ ደረሰ ማለት በአውታሮቹ አልፏል፤ ትን ብሏል። እዚያ ተጠራቅሞ በካፉ መጨማደጃዎች በኩል እየሰረገ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ካፉ የአየር ማኅተም ነው፤ የምግብ ግድብ አይደለም።

ሁለተኛው አደጋ ድብቅ ትንታ ነው። ጤነኛ ሰው ትን ሲለው ያስላል፣ ዓይኑ ያለቅሳል። ጉሮሮው የደነዘዘ ታካሚ ግን ሳንባው ውስጥ እየገባ ምንም ላያደርግ ይችላል። ስለዚህ "አላሳለም" ማለት "ደህና ዋጠ" ማለት አይደለም። እርግጠኛ የሚያደርጉት ሁለት ምርመራዎች ናቸው። አንደኛው በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ካሜራ እየዋጠ ጉሮሮውን ማየት ነው፤ ከፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይሠራበታል፣ አልጋው ላይ ሳለም ይቻላል። ሁለተኛው ባሪየም (ራጅ ላይ ጎልቶ የሚታይ ነገር) የተቀላቀለ ምግብ እየዋጠ የሚነሣ ተንቀሳቃሽ ራጅ ነው።

እነዚህ በሌሉበት ሰማያዊ የምግብ ቀለም አፍ ውስጥ ወይም ጥቂት ምግብ ላይ ጠብ ተደርጎ በኋላ በቱቦው የሚወጣው አክታ ይታያል። ሰማያዊ ከወጣ ትን ብሏል፣ ጥያቄ የለውም። ካልወጣ ግን ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ምርመራው ብዙ ትንታ ያመልጠዋል። ቀለሙን በምግብ ቱቦ ከሚሰጠው ምግብ ጋር መቀላቀል ግን የተለየ ነገር ነው። በጽኑ በታመሙ ሰዎች ላይ ከባድ ጉዳት ማድረሱ ስለታወቀ አይደረግም።

ለመጀመር የማያቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ነቅቷል፣ ራሱን ይይዛል፣ የራሱን ምራቅ ይውጣል፣ ሲያስል ይሰማል፣ ካፉ ወርዶ ይቆይለታል። ቫልቩን ከለመደ ደግሞ በጣም ይሻላል፤ ቫልቩ ሲገጠም ከአውታሮቹ ስር ያለው ግፊት ስለሚመለስ ለብዙዎች መዋጡ ይሻሻላል። ምራቁን መዋጥ የማይችል ሰው ሾርባ አይሰጠውም።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዎቹ ማንኪያዎች

አፉ ይጽዳ። ሳክሽን ዝግጁ ይሁን። ወገቡ ከወንበሩ ጀርባ ጋር፣ ጀርባው ቀጥ፣ አገጩ በትንሹ ወደ ታች። ክፍሉ ጸጥ ይበል፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ።

የእጅ ጣቶቻችሁን አንገቱ ላይ በቀስታ አስቀምጡ። ሌባ ጣት ከአገጩ ስር፣ ሌሎቹ ወደ ታች ማንቁርቱ ላይ። ምራቅ እንዲውጥ ጠይቁት። ማንቁርቱ ወደ ላይ ዘለል ብሎ ሲመለስ ይሰማችኋል። ዘግይቶ ከተነሣ፣ ግማሽ መንገድ ሄዶ ከተመለሰ፣ ወይም ሦስት አራት ጊዜ ከተንፈራገጠ ጻፉት።

ከዚያ ፍርፋሪ በረዶ ወይም በሻይ ማንኪያ ግማሽ ውሃ። ስጡት፣ ይዋጥ፣ "አ" ይበል። ድምፁን አዳምጡ። ውስጡ ውሃ እንዳለበት የሚንቦጫረቅ ከሆነ አውታሮቹ ላይ የቀረ ነገር አለ። ያስል፣ እንደገና ይዋጥ። ሁለተኛ ማንኪያ የሚመጣው ድምፁ ሲጠራ ነው። መጀመሪያ ቀን አምስት ማንኪያ ብዙ ነው። ማንኪያውን ፈጠን ፈጠን የምታደርግ ፍቅር አደገኛ ናት፤ በየማንኪያው መካከል እናንተም ትንፋሽ ሳቡ።

ስለ ውፍረት "ወፈር ያለ ስጡት" የሚል ትእዛዝ አይበቃም፤ የእኔ ወፍራም የእናንተ ቀጭን ሊሆን ይችላል። ከ0 እስከ 7 የሚሄድ ዓለም አቀፍ የምግብና የፈሳሽ ደረጃ አለ። 0 ተራ ውሃ ነው፣ 4 ልስልስ ብሎ የተፈጨ፣ 7 ተራ ምግብ። ፈሳሹን ቤት ውስጥ መለካት ይቻላል። ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውሰዱ፤ ከ0 እስከ 10 ያለው ርዝመት 61.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን። መግፊያውን አውጡ። ጫፉን በጣት ድፈኑ፣ እስከ 10 ሙሉት። ጣታችሁን አንሡና 10 ሴኮንድ ቁጠሩ፣ መልሳችሁ ድፈኑ። የቀረውን አንብቡ፦

- ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ከቀረ ደረጃ 0
- ከ1 እስከ 4 ከቀረ ደረጃ 1
- ከ4 እስከ 8 ከቀረ ደረጃ 2
- ከ8 በላይ ቀርቶ ጥቂት ከፈሰሰ ደረጃ 3

ምንም ጠብ ካላለ 4 ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ እሱ በማንኪያና በሹካ ይፈተሻል። ወፍራም ሁሉ ደህና ነው ብላችሁም አትመኑ። ጉሮሮው ደካማ የሆነ ሰው ወፍራሙ ተጣብቆ ይቀርበታል፣ በኋላ ይወርዳል። ወፈር ያለ ፈሳሽ ብቻ የሚጠጣ ሰው ብዙ ጊዜ በቂ ውሃ አይጠጣም። የትኛው እንደሚስማማው ምርመራው ይናገር።

ክኒን ፈጭታችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ቀስ ብለው እንዲለቀቁ የተሠሩ ክኒኖች አይፈጩም። ከበላ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀና ብሎ ይቆይ።

ጉሮሮን የሚያጠነክሩ ልምምዶች

ሁሉም ለሁሉም አይደሉም፤ ቴራፒስቱ ይመርጣል። በብርታት መዋጥ፦ ትልቅ ነገር እንደሚውጥ ጉሮሮውን ጨምድዶ ምራቁን ይውጣል። ማንቁርትን ከፍ አድርጎ መያዝ፦ ሲውጥ ማንቁርቱ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ለሁለት ሴኮንድ ያህል እዚያው ይይዘዋል። ምላስን በጥርስ ያዝ አድርጎ መዋጥ ደግሞ የጉሮሮውን የኋላ ግድግዳ ያሠራል፤ ይህ በምራቅ ብቻ እንጂ ከምግብ ጋር በፍጹም አይደረግም። ተኝቶ ራስን ከትራስ የማንሣት ልምምድ በየቦታው ይመከራል። ቱቦ አንገቱ ላይ ላለ ሰው ግን ሐኪሙ ሳይፈቅድ አታሠሩት።

መቼ ማቆም፣ መቼ መጥራት

በቱቦው የሚወጣው አክታ የምግብ ቀለም ወይም ሽታ ካለው፣ በድንገት ከበዛ ወይም ከወፈረ፣ ትኩሳት ካለ፣ በየማንኪያው የሚያስለው ከሆነ ማብላቱን አቁሙና ቡድኑን ጥሩ። ትንፋሽ ድንገት ካስቸገረው እርዳታ እየጠራችሁ መጀመሪያ ቫልቩን አውጡ። ከዚያ የውስጥ ቱቦውን አውጥታችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የደፈነው የደረቀ አክታ ነው። ከዚያ ሳክሽን። መጠባበቂያ ቱቦዎች፣ አንዱ ተመሳሳይ ሌላው አንድ ቁጥር ያነሰ፣ ሁልጊዜ አልጋው አጠገብ ይኑሩ።

ሕፃናት

ቱቦ ያለበት ሕፃን ሲያለቅስ ድምፅ የለውም። ይህን ለእናቶች ደጋግሜ እነግራለሁ፤ ፊቱን ካላያችሁ እያለቀሰ መሆኑን አታውቁም። ሕፃን መናገር የሚማረው ራሱን እየሰማ በማጉተምተም ስለሆነ ቫልቭ ቶሎ መሞከሩ ይጠቅመዋል። እስከዚያ የእጅ ምልክት አስተምሩት። ምልክት መልመዱ በኋላ ከመናገር አያግደውም። አፉ ላይ ደስ የሚል ስሜትም ይኑር፤ ሳክሽንና ቱቦ ብቻ የለመደ ሕፃን ማንኪያ ሲያይ አፉን ይገጥማል።

ቱቦው ሲወጣ

ካፉ ወርዶ ቀኑን ሙሉ ከዋለ፣ ቫልቩ ከተለመደ፣ ምራቁን ከዋጠና በራሱ አስሎ አክታውን ካወጣ ቡድኑ ቱቦውን በክዳን ዘግቶ ይሞክራል። ክዳኑ ከቫልቩ ይለያል፤ መግቢያውንም መውጫውንም ይዘጋል፣ ሰውዬው ሙሉ በሙሉ በላይኛው መንገድ ይተነፍሳል። ያን ካለፈ ቱቦው ይወጣል።

ቀዳዳው ወዲያው አይዘጋም፤ በጎዝ ተሸፍኖ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይጠባል። እስከዚያ ሲናገርም ሆነ ሲያስል አየር በጎዙ ስር ያመልጣል፣ ድምፁም ይሳሳል። እጁን እንዲታጠብና ሁለት ጣቱን ጎዙ ላይ ጫን አድርጎ እንዲናገር አሳዩት። ሲያስልም እንዲሁ። ጎዙ ሲረጥብ ይቀየር።